ለ16 ዓመቷ ነጋዴም አንድ መስኮት ክፈቱ

ይድረስ፦ ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ንግድ ቢሮ
ግልባጭ፦ ታዳጊ ልጅ ላላችሁ ወላጆች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ታዳጊዎች በራሳቸው ስም መነገድ የሚችሉበት አሠራር እንዲበጅ ስለመጠየቅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ደብዳቤዬ ረዘም ይላል፤ ሐሳቡ ግን አጭር ነው። በአገራችን ሕግ የ15 ዓመት ልጅ ሰው ዘንድ ተቀጥሮ ደሞዝ መብላት ይችላል። የራሱን ሥራ በራሱ ስም መክፈት ግን አይችልም። ለዚያ 18 እስኪሞላው ይጠብቃል። እነዚህ ሁለት ነገሮች እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ብዙ ሰው ጠየቅኩ፤ የሚያስረዳኝ አጣሁ። እስቲ ባለቤቶቹን ልጠይቅ ብዬ ነው ወደናንተ የመጣሁት።

ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለአንባቢ ያህል ልበል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ይለዋል። ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። ትርፍ ሰዓት የለም፤ በበዓል ቀንም ሥራ የለም። ጥሩ ሕግ ነው፤ እጅ ያስነሳል። ልጁን አይቶታል፤ አቅሙን ለክቶ ገደብ አበጅቶለታል። ወደ ንግድ ሲመጣ ግን ገደብ የሚባል ነገር የለም። 17 ዓመት ከ11 ወር የሆነውም፣ የ5 ዓመቱም ሕጻን እኩል ናቸው። በሩ ለሁለቱም ዝግ ነው።

ማን ነህ ብትሉኝ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የኅትመትና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለኝ ሰው ነኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ስቲከርና ቢዝነስ ካርድ አትማለሁ። አካባቢው የተማሪ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ነው፤ ወደ 6 ኪሎ ስትወጡ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ከሱቄ ጠፍቶ አያውቅም። ድሮ የሚመጡት አሳይመንት ለማስጠረዝ ነበር። አሁን አሁን ስቲከር ለማሳተም ነው።

ስልካቸውን ያወጡና «ጋሼ፣ ይሄን ሎጎ ያትሙልኛል?» ይላሉ። ሎጎውን ማታ አልጋ ላይ ተኝተው ራሳቸው የሠሩት ነው። አንዷ ከዶቃ የጆሮ ጌጥ ትሠራለች። ሌላው ልባሽ ልብስ ከመርካቶ መርጦ ገዝቶ፣ አጥቦና ተኩሶ፣ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይሸጣል። ለሰርግና ለልደት ቪዲዮ የሚያቀናብር አለ። ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኞች የሒሳብ ጥያቄ እያዘጋጀ በገጽ የሚሸጥም አለ፤ እሱን እንኳ ጥያቄዎቹን አይቼ ለራሴ ልጅ ገዝቼለታለሁ። አንዳንዱ ሳምንት ሳይሞላው ይተወዋል። አንዳንዱ ግን አይተውም። የምጽፈው ስለነዚህኞቹ ነው።

አንዷን ላሳያችሁ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ 16 ዓመቷ። ዳጣ ትሸጣለች። አያቷ እንደሚሠሩት አድርጋ፣ ቤት ውስጥ። መጀመሪያ የመጣችው ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ይዛ ነው። ሜትር አውጥታ ብልቃጡን ለካች፤ የምትፈልገውን ስፋትና ቁመት በወረቀት ጻፈችልኝ። ዋጋ ስነግራት ገና ሳትከራከር በፊት የጠየቀችኝ «ጋሼ፣ ዘይት ሲነካው አይለቅም?» ብላ ነው። የወረቀቱ ስቲከር ይለቃል፤ የፕላስቲኩ አይለቅም፣ ግን ይወደዳል አልኳት። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ የፕላስቲኩን አዘዘች፤ ቁጥሩን ግን በግማሽ ቀነሰችው። ስንት ትልቅ ሰው በዚህ ጥያቄ ላይ ርካሹን መርጦ፣ ስቲከሩ ሲላጥበት ተመልሶ መጥቶ እንደጮኸብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በሌላ ቀን የሒሳብ ደብተሯን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ስትደምር አየሁ። ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጨው፣ ዘይት፣ ብልቃጥ፣ ታክሲ ብላ ጽፋለች። ከሥር ደግሞ «የእማዬ መብራት» የሚል መስመር አለ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ሚክሰሩ በእማዬ ቆጣሪ ነው የሚሠራው። ባትጠይቀኝም ወጪ ነው» አለችኝ። እዚህ ሰፈር ስንት ባለሱቅ አለ፣ የገዛ ቤቱን ኪራይ ከወጪ ሳይቆጥር፣ ለራሱ ደሞዝ ሳያስብ፣ «አትርፌያለሁ» እያለ ዓመት ቆጥሮ ድንገት የሚዘጋ። ልጅቱ ይሄን ማንም አላስተማራትም። ብልቃጡን በጅምላ የገዛችው ደግሞ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በገባችው ዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣላት ጫማ አልገዛችበትም።

ምን ቢጎድላት ጥሩ ነው? አንድ ወረቀት።

አንድ ሱፐርማርኬት ዳጣዋን ቀምሶ ወደደው። በየሳምንቱ አምጪ አሏት። ንግድ ፈቃድሽን፣ ቲን ነምበርሽንና ደረሰኝሽን ግን ይዘሽ ነይ አሏት። በነሱ አልፈርድም። ያለ ደረሰኝ የገዙትን ዕቃ ግብር ሰብሳቢው ወጪ ብሎ አይዝላቸውም፤ ኦዲት ሲመጣ ሰበብ የላቸውም። ልጅቱ ዩኒፎርሟን ቀይራ፣ ብልቃጡን በፌስታል ይዛ ወደ አንድ ወረዳ ሄደች። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ አልተቆጣትም። እንዲያውም አመስግኗታል። «እህቴ፣ በርቺ። 18 ሲሞላሽ ነይ» ብሎ ሸኛት። አጠገቡ ያለችው ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ «እናትሽን ለምን አታመጪም?» አለቻት።

ይሄ «በእናትሽ ስም አውጪ» የሚባለው ምክር ከተማውን የሞላ ነው። በአባትህ ስም፣ በአክስትሽ ስም፣ በታላቅ ወንድምህ ስም። ሁሉም ሰው ይመክረዋል፤ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ እሱኑ እላለሁ፣ ሌላ መንገድ ስለሌለ። ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ገቢው የእናት ገቢ ይሆናል፤ ግብሩም የእናት። እናት ሌላ ሥራ ካላት ሒሳቡ ይደበላለቃል። ክፍያውም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ መጥቶ ንግዱን ሁሉ አቅልሎታል፤ የዚህች ልጅ ደንበኞች ግን ብር የሚልኩት ወደ እናቷ ስልክ ነው። እናት ቢሮ ስብሰባ ላይ ናቸው። ልጅ በእረፍት ሰዓት ደውላ «እማዬ፣ 400 ብር ገብቷል?» ትላለች። እናት ከስብሰባ ወጥተው ያያሉ። በቀን ስንቴ። እናትየው አንድ ቀን ሱቄ መጥተው «ልጄ ነጋዴ ሆነች፣ እኔ ካሸሯ» ብለው አስቀውኛል።

በእናቷ ስም ብታወጣ፣ ልጅቱ 18 ሲሞላት ምን ይኖራታል? በስሟ የተመዘገበ አንድም ሽያጭ የለም። የከፈለችው ግብር የለም። ባንክ ሄዳ ብድር ብትጠይቅ «ልምድሽ ምንድን ነው?» ስትባል የምታሳየው የእናቷን ፈቃድ ነው። ሁለት ዓመት ሠርታ ከዜሮ ትጀምራለች።

እናት ሲሆኑ ደግሞ ደግ ነው። አጎት ሲሆንስ? ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ አውቃለሁ። እጁ ወርቅ ነው። ስክሪን ሲቀይር ብሎኖቹን ባወጣበት ቅደም ተከተል ነጭ ወረቀት ላይ ይደረድራቸዋል፣ አንዷ ከአንዷ እንዳትምታታ። ፈቃዱ በአጎቱ ስም ነበር። ደንበኛ ሲበዛ አጎትየው የራሱን ልጅ አመጣና ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። «ፈቃዱ የኔ፣ የኪራይ ውሉ የኔ» አለ። እውነቱን ነው፤ በወረቀት ሁሉም የሱ ነው። ልጁ የወጣው መፍቻዎቹን ይዞ ነው። የሚከስበት ሰነድ የለውም። በስሙ ያልነበረን ነገር ተቀማሁ ብሎ የት ይሄዳል?

ልጅ መነገዱ በከተማችን አዲስ ነገር እንዳልሆነ አትዘንጉ። መርካቶ ገብታችሁ ፀጉሩ የሸበተ ጅምላ አከፋፋይ አነጋግሩ። ሊስትሮ ነበርኩ የሚላችሁ ብዙ ነው። ቆሎ ያዞረ፣ ሎተሪ የሸጠ፣ ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ ከለገሃር እስከ ጊዮርጊስ የተመላለሰ። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ክብሪት፣ ባትሪ። ማንም ፈቃድ አልጠየቀውም። ያ ትውልድ ንግድ የተማረው አስፋልት ዳር ነው። በዚያ መንገድ የተጎዳ ልጅም ብዙ ነበር፤ ላስውበው አልፈልግም። የገጠር ልጅ ትምህርቱን ትቶ፣ በረንዳ አድሮ ነው የነገደው።

ያ መንገድ አሁን ጠቧል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ ጀመረ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ ሄደ። መንገዱ ሰፋ፣ ፀዳ። የመንገድ ዳር ንግድ ደግሞ ደንብ አስከባሪ አለበት። ይሁን፤ ልጅ ዕቃ ተሸክሞ በመኪና መሃል ሲሮጥ ማየት እኔም አልናፍቅም። ግን የቆሻሻውን በር ስንዘጋ ንጹሑን በር መክፈት አልነበረብንም? መንገድ ዳር አትሽጡ ተባሉ። በፈቃድ እንሽጥ ሲሉ ደግሞ ዕድሜያችሁ አልደረሰም ተባሉ። የቀረላቸው ቴሌግራም ነው። እዚያ ማንም አያያቸውም፤ ማንም አይጠብቃቸውም።

«ልጅ ሥራው መማር ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እስማማለሁ። የኔም ልጅ ይማራል። ግን የ12ኛ ክፍል ውጤት እናውራ። በ2014 ፈተናውን ያለፈው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እየተሻለ ነው፤ እሰየው። ግን ከመቶው ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው አላለፈም። ለነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ካልገባችሁ ሥራ ፍጠሩ እንላቸዋለን። ሥራ መፍጠርን መቼ ይልመዱት? በ18 ዓመታቸው፣ ፈተና በወደቁ ማግስት፣ ቅስማቸው ተሰብሮ ሳለ? ዳጣ የምትሸጠዋ ልጅ እኮ ብትወድቅም ብታልፍም የምትይዘው ነገር አላት። ለነገሩ ጎበዝ ተማሪ ናት። ፐርሰንት ያስተማራት ግን የትርፍ ስሌት ነው ብላኛለች፤ መምህሯ እንዳይሰሙ።

ሌላው ዓለም ይሄን ጉዳይ እንዴት ፈታው? በጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 112 ላይ፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በወላጁ ፈቃድና በቤተሰብ ፍርድ ቤት ይሁንታ የራሱን ንግድ ማካሄድ ይችላል። ከተፈቀደለት በኋላ ለዚያ ንግድ ጉዳይ እንደ ሙሉ ሰው ነው የሚታየው፤ ውል ይፈርማል። በስዊድንም 16 ዓመት የሞላው ልጅ በወላጆቹና ሞግዚቶችን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ፈቃድ መነገድ ይችላል። ከዚሁ አገር የወጣውን ኢኬያን የማያውቅ የለም፤ በዓለም ትልቁ የቤት ዕቃ ሻጭ ነው። መሥራቹ ኢንግቫር ካምፕራድ በ1943 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁመው 17 ዓመቱ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኖ ክብሪት በጅምላ ከስቶክሆልም እያስመጣ ለጎረቤት ይቸረችር ነበር። መነሻ ገንዘቡን የሰጡት አባቱ ናቸው፣ በትምህርቱ ስለጎበዘ ሽልማት ብለው። ትምህርትና ንግድ ጠላት አለመሆናቸውን ለሚጠራጠር ወላጅ ይሄን እነግረዋለሁ።

ሩቅ አገር ምን አስኬደን? ቤተልሔም ደሴ ሐረር ተወልዳ ያደገች ናት። 9 ዓመት ሲሞላት ልደቷን ማክበር ፈለገች፤ አባቷ በዕለቱ ገንዘብ አልነበራቸውም። በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ እያቀናበረች፣ ለደንበኞች ስልክ ላይ ዘፈን እየጫነች 90 ዶላር ገደማ የሚሆን ገንዘብ አገኘች። ዛሬ ልጆችን ኮዲንግ በማስተማር ስሟ የሚጠራ ናት። መንግሥት ራሱ በ2016 ማብቂያ ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምሯል። መልካም ነው። ግን ሠልጥኖ ድረ ገጽ መሥራት የቻለ የ16 ዓመት ልጅ፣ የሠራበትን ገንዘብ በምን ደረሰኝ ይቀበል?

በነገራችን ላይ «በ17 ዓመትህ ሚሊየነር ሁን» ከሚሉት ጋር እንዳትደምሩኝ። የአዳራሽ መግቢያ አስከፍለው፣ ልጆቹን አስጨብጭበው የሚሸኙ አሉ። ማስታወቂያቸውን እኔው ነኝ የማትምላቸው፤ ሥራ ነው። ሰው አምጣ፣ ሰው ሲያመጣ አንተም ታገኛለህ የሚሉም አሉ። ቤቲንግም አለ። ልጆቹ ገንዘብ የመሥራት ፍላጎታቸው እንደሁ አይጠፋም። ሕጋዊውና ትንሹ መንገድ ሲዘጋ የሚገቡት እዚያ ነው። አንድ የ16 ዓመት ልጅ የዋጋውን መነሻ ካወቀ፣ የተበደረውን በቀኑ ከመለሰ፣ ደንበኛ ሲቆጣበት ካልሸሸ፣ ለኔ ተሳክቶለታል። ሚሊዮኑ ይደርስበታል፤ ባይደርስም ግድ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ የልጆች ጉልበት ብዝበዛ ነው። ትክክለኛ ስጋት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆች ጉልበታቸው እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃል። ፈቃዱ ለልጅ ተፈቀደ ሲባል ነገ አንዱ ብልጥ ሱቁን በልጁ ስም አድርጎ ግብር ሊያመልጥ ይችላል። ሌላው ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ባንኮኒ ላይ ሊያቆመው ይችላል። ይሄ አይሆንም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን አሁን ያለው አሠራር ከዚህ ይጠብቃቸዋል ወይ? የስልክ ጠጋኙን ልጅ ጠበቀው ወይ? የማይታይን ልጅ መጠበቅ አይቻልም። ስሙ መዝገብ ላይ ያለውን ግን ቢያንስ ደውሎ «ትምህርት እንዴት ነው?» ማለት ይቻላል። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 36ንና 41ን ማስታረቅ የናንተ ሥራ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ቢሆን። ከ15 እስከ 18 ላሉት ለብቻው ቀለል ያለ የታዳጊ ፈቃድ ይኑር። በልጁ ስም ይውጣ፤ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ፈቃደኛ መሆኑን ይፈርም። ልጁ ትምህርት ላይ መሆኑን ትምህርት ቤቱ በየሴሚስተሩ ያረጋግጥ፤ ካቋረጠ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኑር፣ ፈቃዱን ከመሰረዝ በፊት። ዓመታዊ ሽያጩ ጣሪያ ይኑረው፤ ጣሪያውን እናንተ ወስኑት። ዝቅ አድርጉት፣ አልከራከርም። ብልጣብልጡ ነጋዴ ሱቁን በልጁ ስም እንዳያዞር የሚያደርገውም ይኸው ጣሪያ ነው። ታዳጊው ሠራተኛ አይቅጠር። በዱቤ ብዙ ዕቃ አይውሰድ። መጠጥ፣ ጫትና ሲጋራ፣ አደገኛ ኬሚካል ይከልከሉ። ምግብ የሚያመርት ከሆነ የጤና ቁጥጥሩ እንደማንኛውም ሰው ይመለከተዋል፤ ዳጣም ቢሆን በዕድሜ ምክንያት ከንጽሕና አይታለፍም። የመንገድ ላይ ንግድ አይካተት። ደረሰኝ ይሰጠው፣ ቲን ይሰጠው፣ በዓመት አንድ ገጽ ሒሳብ ያስገባ። እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ ከግብር ነጻ ይሁኑ ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ትንሽ ይሁን እንጂ ይክፈሉ። በ16 ዓመቱ 200 ብር ግብር የከፈለ ልጅ በ30 ዓመቱ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ድብብቆሽ የሚጫወት አይመስለኝም።

ደግሞ ዋናው፣ 18 ሲሞላው ፈቃዱ ወደ መደበኛው ይዙር። የሁለትና የሦስት ዓመት መዝገቡን ይዞ። እንደ አዲስ ሰልፍ አይያዝ።

ወላጅም ቢሆን ገንዘቡን እንዳይወስድበት መላ ያስፈልጋል። ባንኮች የታዳጊዎች የቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ለማስቀመጥ ግን እንጂ ለመነገድ አልተበጀም። የታዳጊ ፈቃዱ ከእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ጋር ቢያያዝ፣ ወላጅ ማየት ቢችልና ያለ ልጁ ፊርማ ማውጣት ባይችል ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ይሄኛው ከባንኮችና ከብሔራዊ ባንክ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ለናንተ አንድ ደብዳቤ ነው።

የቤተሰብ ሕጉ መንገድ አለው የሚል የሕግ ባለሙያ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ በፍርድ ቤት ውሳኔ ቀድሞ ነጻ የሚወጣበትን ድንጋጌ ይዟል። ግን ዳጣ ለመሸጥ ፍርድ ቤት? ልጅቱ እኮ ከእናቷ ሥር መውጣት አልፈለገችም። የፈለገችው ደረሰኝ ነው። «ሕግ ዝም ብሎ አይነካም» ብትሉኝም አልቀበልም። የንግድ ሕጋችን ከ1952 ጀምሮ ቆይቶ በ2013 በአዋጅ 1243 ተቀይሯል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ 980/2008ም ሳይውል ሳያድር በ2011 በአዋጅ 1150 ተሻሽሏል። ሲያስፈልግ ይነካል ማለት ነው።

ግልባጭ ያደረግኩላችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቂት ነገር ልበላችሁ፤ አትቆጡኝ። ልጃችሁ የሆነ ነገር መሸጥ ሲጀምር «ምን አጣህ? ምን አጎደልንብህ?» አትበሉት። ጎረቤት ምን ይለኛል ብላችሁም አታፍሩ። ከዚያ ይልቅ ደብተሩን አሳየኝ በሉት። ደብተር ከሌለው እዚያ ላይ ተቆጡ። ደግሞ ትርፉን ለቤት አስቤዛ አትበደሩት። ከተበደራችሁ በቀኑ መልሱ፤ እናቴ ካልመለሰች ደንበኛ ለምን ይመልሳል ብሎ ነው የሚያስበው። ሲከስር ቶሎ ገንዘብ አትሙሉለት። ሸክላ የሰበረች ልጅ የሚቀጥለውን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። ፈተና ሲደርስ ሱቁን ዝጋ ማለት ግን መብታችሁ ነው፤ እኔም እደግፋችኋለሁ።

ዳጣዋ ልጅ አሁንም ትሠራለች። ሱፐርማርኬቱ ቀርቶባት ለጎረቤትና ለትምህርት ቤት ወላጆች ትሸጣለች። ወደ እናቷ ስም እንዳትገባ ያመነታችው ራሷ ናት። «እማዬ ግብር ቤት ስትመላለስ ማየት አልፈልግም» ትላለች። 18 ዓመቷ እስኪደርስ ገና ጊዜ አለው። እስከዚያ ሱፐርማርኬቱ ሌላ አቅራቢ እንደሚያገኝ ታውቃለች።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ አዋጅ እስኪሻሻል ጊዜ እንደሚወስድ ይገባኛል። ሙከራ ግን ዛሬም መጀመር የሚቻል ይመስለኛል። አራዳ ወይም ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ወረዳ ምረጡ። አንድ መስኮት ለታዳጊዎች ክፈቱ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚሠራ ወይም ቅዳሜ ጠዋት። ፈቃድ መስጠት ባትችሉ እንኳ መመዝገብ ጀምሩ። ማን ምን ይሠራል፣ ስንት ይሸጣል፣ ማን ያግዘዋል። ሕጉ ሲሻሻል ዝርዝሩ በእጃችሁ ይሆናል።

ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሚሞላው የ15 ዓመት ልጅ ስለሆነ ፊደሉ ደቀቅ ያለ አይሁን፤ ለወላጅ ፊርማ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታም ይተውለት። ለሙከራው የሚያስፈልገውን ያህል ቅጂ በነጻ አትማለሁ። ወረቀቱም ከኔ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የአራት ኪሎው አታሚ